የእስያን ዜና እንዴት እንከታተል? ፖለቲካን፣ ኢኮኖሚንና የሕዝብ ጤናን አጣምሮ የማንበብ መመሪያ

ከእስያ የሚመጡ ዜናዎች አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ገጽ ተከፋፍለው ይደርሱናል። የመሪዎች መውደቅና መነሣት በፖለቲካው ገጽ፣ የዕዳና የምንዛሪ ጉዳይ በኢኮኖሚው ገጽ፣ የወረርሽኝ ወሬ ደግሞ በጤናው ገጽ ይሰፍራል። እንዲህ ተነጣጥለው ሲነበቡ እያንዳንዳቸው ድንገት የደረሱና መነሻ የሌላቸው ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በስሪላንካ ቀዶ ሕክምናው የተራዘመበት ታማሚ፣ ነዳጅ ለመቅዳት ሌሊቱን ሙሉ ተሰልፎ ያደረው አሽከርካሪና ኮሎምቦ ውስጥ የፕሬዚዳንቱን መኖሪያ ጥሶ የገባው ሰልፈኛ ግን የአንድ ታሪክ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱን ያገናኛቸው የአገሪቱ የዶላር ክምችት መሟጠጡ ነው።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ግንኙነት እንዴት መፈለግ እንደሚቻል ያሳያል። የተዘጋጀው ለተማሪ፣ ለጋዜጠኛ ወይም የአህጉሩን ሁኔታ በቅጡ ለመረዳት ለሚፈልግ አንባቢ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከ«እስያ» ወደ አንድ አገር መውረድ

እስያ ከዓለም ሕዝብ 60 በመቶ ያህሉ የሚኖርባት አህጉር ናት። በጃፓን ከ10 ሰዎች ሦስት ያህሉ 65 ዓመት የሞላቸው ሲሆኑ፣ በአፍጋኒስታን ከ10 ሰዎች አራት ያህሉ ገና 15 ዓመት አልሞላቸውም። አንዷ የምትጨነቀው ለጡረታና ለአረጋውያን እንክብካቤ ነው፤ ሌላዋ ለወሊድና ለሕፃናት ክትባት። ስለዚህ «የእስያ ቀውስ» የሚል ርእስ ሲያጋጥምዎ የመጀመሪያ ሥራዎ ጉዳዩን ወደ አንድ አገር፣ ከተቻለም ወደ አንድ ክፍለ ግዛት ማውረድ ነው።

አገሪቱን ከለዩ በኋላ ዜናውን ከማንበብዎ በፊት ሦስት መሠረታዊ ነገሮችን ይወቁ፤ ዶላር የምታገኘው ከምንድን ነው፣ ነዳጇንና መድኃኒቷን ከየት ታመጣለች፣ ሥልጣንስ የሚለወጠው በምን መንገድ ነው። ባንግላዴሽ ከወጪ ንግድ ገቢዋ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የምታገኘው ከአልባሳት ነው። ኔፓል ደግሞ በውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎቿ የሚልኩት ሐዋላ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ ሩብ ያህል ይሆናል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ አንባቢ ዜና ሲመጣ ክብደቱ ወዲያውኑ ይታወቀዋል። የአሜሪካ መንግሥት በኤፕሪል 2025 በባንግላዴሽ ላይ 37፣ በቬትናም ላይ 46፣ በካምቦዲያ ላይ ደግሞ 49 በመቶ ቀረጥ እንደሚጥል ሲያስታውቅ፣ ሚዛኑ የሚያርፈው በዳካና በፕኖም ፔን ዙሪያ ባሉ ፋብሪካዎች የስፌት መኪና ላይ በተቀመጡ ሴቶች እንጀራ ላይ እንደሆነ ይገባዋል። ከድርድር በኋላ በዚያው ዓመት ኦገስት የሦስቱም አገሮች ቀረጥ ወደ 20 በመቶ አካባቢ ወርዷል፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይዞ የቀረ አንባቢ ግን እስከ ዛሬ ተሳስቶ ይኖራል።

የኔፓልም ነገር እንዲሁ ነው። በሴፕቴምበር 2025 መንግሥት ፌስቡክንና ዩቲዩብን ጨምሮ ብዙ የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮችን ሲዘጋ ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ ብዙዎች ተገደሉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬ.ፒ. ሻርማ ኦሊ ሥልጣን ለቀቁ፤ የቀድሞዋ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሱሺላ ካርኪ ጊዜያዊ መንግሥት እንዲመሩ ተሾሙ። ዜናው የተነገረው ስለ ኢንተርኔት ነፃነት ሆኖ ነው። አገሪቱ በሐዋላ እንደምትኖር ለሚያውቅ ግን የተዘጋው መስመር በኳታርና በማሌዥያ ያለ ልጅ ከእናቱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር ጭምር ነበር፤ ሰልፈኞቹ ያነሡት የሙስናና የሥራ አጥነት ጥያቄም ወጣቱን መጀመሪያውኑ ለስደት የዳረገው ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች፤ የስሪላንካ ምሳሌ

ማንኛውንም ቀውስ ሲያነቡ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ያንሡ። ገንዘቡ የት ደረሰ? ማን ምን ወሰነ? ጉዳቱስ በማን አካል ላይ አረፈ? ስሪላንካን የመረጥኩት ሦስቱም ጥያቄዎች በግልጽ የሚመለሱባት አገር በመሆኗ ነው።

ገንዘቡን እንይ። ስሪላንካ ዶላር የምታገኘው በዋናነት ከአልባሳት፣ ከሻይ፣ ከቱሪዝምና ከሐዋላ ነው። በኤፕሪል 2019 በትንሣኤ በዓል ዕለት በአብያተ ክርስቲያናትና በሆቴሎች ላይ በተፈጸሙ የቦምብ ጥቃቶች ከ250 በላይ ሰዎች ሲገደሉ ቱሪስቱ ራቀ፤ ገና ሳያገግም ኮቪድ መጣና በሩን ጨርሶ ዘጋው።

ውሳኔው ደግሞ ከዚሁ ጎን ለጎን ይሄዳል። በ2019 መጨረሻ የተመረጡት ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ15 ወደ 8 በመቶ ዝቅ ሲያደርጉ የመንግሥት ገቢ ተቦረቦረ። በ2021 የጸደይ ወራት ኬሚካል ማዳበሪያ ወደ አገር እንዳይገባ ታገደ። ምክንያቱ የተፈጥሮ ግብርናን ማስፋፋት ነው ቢባልም፣ ለማዳበሪያ የሚወጣውን ዶላር ማዳንም አብሮ ታስቦ ነበር። የሩዝ ምርት አሽቆለቆለ፣ የሻይ ገበሬውም ተጎዳ፤ እገዳው በኖቬምበር ቢነሣም የምርት ዘመኑ አልፎ ነበር። ዶላር ለማዳን የተወሰደው እርምጃ ሩዝ ከውጭ ለመግዛት ሌላ ዶላር አስወጣ።

በኤፕሪል 2022 መንግሥት የውጭ ዕዳውን መክፈል ማቆሙን አስታወቀ፤ የዋጋ ንረቱ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወደ 70 በመቶ ደረሰ። ሦስተኛው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። አገሪቱ ከምትጠቀምባቸው መድኃኒቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውጭ የሚገዛ በመሆኑ፣ ዶላር ሲጠፋ ማደንዘዣና የካንሰር መድኃኒት ጠፋ፤ ሆስፒታሎች አጣዳፊ ያልሆኑ ቀዶ ሕክምናዎችን ማራዘም ጀመሩ፤ ሐኪሞችም ለታማሚ የሚሰጡት ሲያጡ አደባባይ ወጥተው ተናገሩ። የኤሌክትሪክ ኃይል በቀን እስከ 13 ሰዓት ይቋረጥ ነበር። በጁላይ 9 ሕዝቡ የፕሬዚዳንቱን መኖሪያ ጥሶ ገባ፤ ራጃፓክሳም ወደ ማልዲቭስ፣ ከዚያም ወደ ሲንጋፖር ሸሽተው ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

አስተዋይ አንባቢ ይህን ከጁላይ በፊት ሊያየው ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ልማድ ብቻ ነው፤ የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ክምችት ለስንት ወር ገቢ ንግድ ይበቃል የሚለውን በየሩብ ዓመቱ ማየት። በተለምዶ ሦስት ወር ዝቅተኛው የደኅንነት ልክ ተደርጎ ይወሰዳል። ክምችቱ ከዚያ በታች ሲወርድ ከነዳጅ ማደያው ወረፋ ጋር የመድኃኒት ቤቱን መደርደሪያም መከታተል ይጀምሩ።

ታሪኩም በሰልፉ አላበቃም። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በማርች 2023 ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ፈቀደ፤ ከብድሩ ጋር ግብር ጨመረ፣ የመብራት ዋጋም ተወደደ። በሴፕቴምበር 2024 በ225 መቀመጫ ምክር ቤት ውስጥ ሦስት መቀመጫ ብቻ የነበረው ጥምረት መሪ አኑራ ኩማራ ዲሳናያኬ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ከሁለት ወር በኋላ በተደረገው ምርጫ ጥምረቱ 159 መቀመጫ አገኘ። ምርጫውን ከመድኃኒት እጥረቱና ከመብራት ሒሳቡ ነጥሎ የሚተነትን ጽሑፍ ካጋጠመዎ ግማሹን ብቻ እንደነገረዎ ይቁጠሩት።

ቁጥሩን ከመቀበል በፊት

ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው ቁጥር ላይ በመሆኑ ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ቀላሉ ስሕተት ከመቁጠሪያው ይጀምራል። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በባንግላዴሽ ጋዜጦች ላይ ቁጥር የሚጻፈው በላክና በክሮር ነው፤ አንድ ላክ 100,000፣ አንድ ክሮር ደግሞ 10 ሚሊዮን ነው። የኮማው አቀማመጥም ይለያል፤ 10 ሚሊዮን 1,00,00,000 ተብሎ ይጻፋል። በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ ቋንቋዎች ትልልቅ ቁጥሮች የሚጠቀለሉት በሺህ ሳይሆን በ10,000 ነው፤ ቀጣዩ እርከንም 100 ሚሊዮን ነው። ትርጉም ላይ አንድ ዜሮ የሚወድቀው ወይም የሚጨመረው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የበጀት ወይም የሕሙማን ቁጥር ከልክ በላይ ትልቅ ወይም ትንሽ መስሎ ከታየዎ ለሕዝቡ ብዛት ያካፍሉት፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው መጠን ትርጉም ካልሰጠ ዜሮው ተሳስቷል።

ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ «ምን ተቆጠረ?» የሚለው ነው። በ2023 ባንግላዴሽ በትንኝ በሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ክፉኛ ተመታች፤ ከ320,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ1,700 በላይ ሞቱ። ይሁን እንጂ የጤና ባለሥልጣናቱ የሚያወጡት ቁጥር ሆስፒታል ተኝተው የታከሙትን የሚመዘግብ ነው፤ ቤቱ ተኝቶ የዳነው ወይም በግል ክሊኒክ ተመርምሮ የተመለሰው በአብዛኛው አይገባበትም። ስለዚህ ከታመሙት ውስጥ የሞቱትን መቶኛ አስልቶ በሌላ ዓይነት አቆጣጠር ከሚመዘግብ አገር ጋር ማወዳደር ባንግላዴሽን ከእውነተኛው በላይ ገዳይ ያስመስላታል። የተሻለው ንጽጽር አገሪቱን ከራሷ ጋር፣ ከአምናዋና ከካቻምናዋ ጋር ማድረግ ነው፤ አቆጣጠሩ ጉድለት ቢኖረውም ጉድለቱ ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ ከሆነ አዝማሚያውን ያሳያል።

በሕንድ የኮቪድ ሟቾች ጉዳይ የታየው ልዩነት ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ በይፋ የተመዘገቡት ሟቾች 481,000 ያህል ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2022 ባወጣው ግምት በ2020 እና በ2021 በሕንድ 4.7 ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሞት ደርሷል፤ የሕንድ መንግሥትም የስሌቱን ዘዴ አጥብቆ ተቃወመ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ኮቪድ ተብሎ የተመዘገበውን ሞት ይቆጥራል። ሁለተኛው ወረርሽኙ ባይኖር ይጠበቅ ከነበረው በላይ የደረሰውን ሞት ሁሉ ይገምታል፤ በኮቪድ ተይዞ ሳይመረመር የሞተውንም፣ አልጋ ሞልቶ በልብ ሕመም የሞተውንም ያካትታል። የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠቅስ ጽሑፍ በየመንደሩ ያለምርመራ የተቀበሩትን ይዘነጋል፤ ሁለተኛውን ግምት መሆኑን ሳይናገር የሚጠቅስም እንዲሁ ይሳሳታል።

ቻይና «ዜሮ ኮቪድ» የተባለውን ጥብቅ ገደብ በዲሴምበር 2022 ካነሣች በኋላ እስከ ጃንዋሪ 12 ቀን 2023 ድረስ ወደ 60,000 የሚጠጉ ሰዎች መሞታቸውን አስታውቃ ነበር። በዚያ መግለጫ ውስጥ ዋናው ቃል «በሆስፒታል» የሚለው ነው፤ ቤታቸው የሞቱ አረጋውያን አልተካተቱም። የሥራ አጥነት አኃዝም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በጁን 2023 በከተማ የሚኖሩ ወጣቶች ሥራ አጥነት 21.3 በመቶ ደረሰ፤ በኦገስት የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ አኃዙን ማውጣት አቆመ፤ በጃንዋሪ 2024 ተማሪዎችን በማያካትት አዲስ ስሌት እንደገና ሲጀምር የዲሴምበሩ ቁጥር 14.9 በመቶ ሆነ። «ሥራ አጥነት ቀነሰ» ብሎ ሁለቱን በአንድ መስመር የሚያስቀምጥ ሰንጠረዥ አንባቢውን ያሳስታል። አንድ ቁጥር መታተም ያቆመበትን ቀን ራሱን እንደ ዜና ይመዝግቡ።

በ2022 የፓኪስታን ጎርፍ ጊዜ «የአገሪቱ አንድ ሦስተኛ በውኃ ተውጧል» የሚለው አነጋገር በዓለም ሁሉ ተስተጋብቷል። በሳተላይት ምስል የተደረጉ ጥናቶች በውኃ የተሸፈነው መሬት ከዚያ በብዙ ያነሰ፣ ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ እንደነበረ አሳይተዋል። ይህን የማነሣው መከራውን ለማቃለል አይደለም፤ 33 ሚሊዮን ሰዎች ተጎድተዋል፣ ከ1,700 በላይ ሞተዋል። የተጋነነው አኃዝ ሲታወስ ከጎርፉ በኋላ የመጣው ወባ ግን ተረሳ። ውኃው በሲንድና በባሉቺስታን ለወራት ተኝቶ ትንኝ አራባ፤ የአገሪቱ የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2021 ከነበረው ግማሽ ሚሊዮን ያህል በ2022 ወደ 2.6 ሚሊዮን አሻቀበ። የአደጋ ዜና ሲያነቡ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አይቁሙ፤ ከሦስትና ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው የጤናውን መዝገብ ይመልከቱ።

እምነት ሲጠፋ

በጤና ጥበቃ ውስጥ በገንዘብ የማይገዛ ነገር ቢኖር የሕዝብ እምነት ነው። እምነቱ የሚሰበረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጤና ተቋም ውጭ በተወሰነ ውሳኔ ነው።

የዱር ፖሊዮ ቫይረስ ሥርጭቱ ያልተቋረጠባቸው ሁለት አገሮች ብቻ ቀርተዋል፤ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን። በ2011 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. ኦሳማ ቢን ላደን በፓኪስታኗ አቦታባድ ከተማ መኖሩን ለማረጋገጥ የሐሰት የሄፓታይተስ ክትባት ዘመቻ አስደርጎ እንደነበር ሲገለጥ፣ ታጣቂዎች ክትባትን የስለላ መሣሪያ ብለው አወገዙ፤ ቤት ለቤት የሚሄዱ ከታቢዎች፣ ብዙዎቹም ሴቶች፣ መገደል ጀመሩ። ዋይት ሀውስ በ2014 የስለላ ድርጅቱ ክትባትን ዳግመኛ ለሽፋን እንደማይጠቀም አስታወቀ። ጠብታውን ይዛ በር የምታንኳኳዋ ሴት ግን እስከ ዛሬ በፖሊስ ታጅባ ነው የምትሄደው። ፓኪስታን በ2021 አንድ ሕፃን ብቻ በቫይረሱ ሽባ ሆኖባት ነበር፤ በ2024 ቁጥሩ 74 ደረሰ። ይህን ጭማሪ በክትባት እጥረት ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ከድንበር ማዶ የአፍጋኒስታን የክትባት ዘመቻ ቤት ለቤት መሄዱ መቋረጡን፣ የስደተኞችን መባረርና የታጣቂዎችን መጠናከር አብሮ መቁጠር ያስፈልጋል።

በፊሊፒንስ ደግሞ በ2016 የደንጊ ክትባት ለተማሪዎች በዘመቻ መሰጠት ጀመረ፤ ከ800,000 በላይ ልጆችም ተከተቡ። በኖቬምበር 2017 አምራቹ ኩባንያ ክትባቱ ከዚያ በፊት ደንጊ ይዟቸው የማያውቅ ሰዎች ላይ ኋላ በበሽታው ሲያዙ ሕመሙን ሊያከብድ እንደሚችል አስታወቀ። ጉዳዩ የምክር ቤት ምርመራና የክስ መድረክ ሆነ፤ ወላጆች ሌሎቹን ክትባቶችም መሸሽ ጀመሩ። በ2019 ኩፍኝ ብዙ ሕፃናትን ጨረሰ፤ ፖሊዮም ከ19 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ከዚህ የሚወሰደው ልምድ፣ በአንድ ክትባት ላይ የተነሣ የፖለቲካ ሙግት ሲያነቡ የሌሎቹን ክትባቶች ሽፋን በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት መከታተል ነው።

ደቡብ ኮሪያ ሀብታም አገር ብትሆንም ከዚህ አላመለጠችም። በፌብሩዋሪ 2024 መንግሥት የሕክምና ትምህርት ቤቶችን የቅበላ ቁጥር በዓመት በ2,000 ለመጨመር ሲወስን በሺዎች የሚቆጠሩ ሬዚደንት ሐኪሞች ሥራ ለቀው ወጡ። ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል በዲሴምበር 3 ቀን ሌሊት ወታደራዊ ሕግ ሲያውጁ፣ በአዋጁ ዝርዝር ውስጥ የፖለቲካ እንቅስቃሴን ከሚከለክለው አንቀጽ ጋር፣ ሥራ ያቆሙ ሐኪሞች በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተመለሱ በወታደራዊ ሕግ እንደሚቀጡ የሚያዝዝ አንቀጽ ነበረ። አዋጁ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ቆይቶ ተሻረ፤ ዩንም በኤፕሪል 2025 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ከሥልጣን ተወገዱ። የአዋጁን ሙሉ ቃል ያላነበበ ሰው የሐኪሞቹን ጉዳይ ከዚያ ሌሊት ጋር ሊያገናኘው አይችልም፤ ለዚህ ነው አዋጅን ከዘገባው ይልቅ ከራሱ ጽሑፍ ማንበብ የሚሻለው።

የዴልሂ ጭስ

የምክንያት ሰንሰለትን ወደ ኋላ መከተል ለመለማመድ ከዴልሂ ጭስ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። በየዓመቱ ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ የሕንድ ዋና ከተማ በጭስ ትሸፈናለች፤ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፣ የመተንፈሻ አካል ሕሙማን ሆስፒታሎችን ያጨናንቃሉ። የተሽከርካሪ፣ የግንባታና የፋብሪካ ብክለት ዓመቱን ሙሉ አለ፤ በእነዚያ ሳምንታት የሚጨመርበት በፑንጃብና በሃርያና የሚቃጠለው የሩዝ ገለባ ነው።

ገበሬው ለምን ያቃጥላል? ሩዙን ባጨደበትና ስንዴ በሚዘራበት ጊዜ መካከል ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ብቻ ስለሆኑ፣ ክብሪት ደግሞ ከማሽን ኪራይ ስለሚረክስ ነው። ጊዜውስ ለምን አጠረ? ሁለቱ ክፍለ ግዛቶች በ2009 የከርሰ ምድር ውኃን ለመጠበቅ ባወጡት ሕግ ሩዝ ዝናቡ ከመቃረቡ በፊት እንዳይተከል ስለከለከሉ፣ አጨዳውም ስለዘገየ ነው። ውኃውስ ለምን ተሟጠጠ? መንግሥት ሩዝና ስንዴን በተረጋገጠ ዋጋ ስለሚገዛና በፑንጃብ ለውኃ መሳቢያ ሞተር የሚውለው ኤሌክትሪክ ለገበሬው በነፃ ስለሚሰጥ፣ በተፈጥሮው የሩዝ አገር ባልሆነ ምድር ሩዝ ተስፋፋ። ዋጋውንና ድጎማውን መንካት ደግሞ የመንግሥትን ዕጣ የሚወስን ጉዳይ ነው፤ በ2020 የወጡት ሦስት የግብርና ሕጎች ገበሬዎችን በዴልሂ መግቢያዎች ከአንድ ዓመት በላይ አስፍረው፣ በኖቬምበር 2021 ተሽረዋል።

እንግዲህ ሳሉ ከጭሱ፣ ጭሱ ከገለባው፣ ገለባው ከውኃ ሕጉ፣ ሕጉ ከእህል ዋጋው፣ ዋጋውም ከምርጫ ሣጥኑ ጋር ታስሯል። ውኃን ለማዳን በቅን ልቡና የወጣ ሕግ አየሩን ሊያከፋ መቻሉ ያሳዝናል። «ገበሬው ጥፋተኛ ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋ ዘገባ ሲያጋጥምዎ ቢያንስ ሦስት ጊዜ «ለምን?» ብለው ይጠይቁት። ነፋሱም ድንበር አያውቅምና በዚያው ሰሞን የፓኪስታኗ ላሆር የምትታፈንበትን ጭስ ለይቶ ለአንድ አገር ብቻ መስጠት አይቻልም።

ድንበር ተሻጋሪው

አንዳንዱ ጉዳይ ደግሞ በአንድ አገር መዝገብ ብቻ አይታይም። በማይናማር ጦሩ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ሥልጣን ሲይዝ መጀመሪያ ሥራ ካቆሙት መካከል ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ። ጤና ጣቢያዎች ተዘጉ፣ ጦርነቱ ወደ ድንበር አካባቢዎች ሰፋ፣ ለዓመታት ሲቀንስ የኖረው ወባም በብዙ እጥፍ ተመልሶ ጨመረ፤ በታይላንድ ድንበር በኩልም ተሻገረ። በሜኮንግ ወንዝ አካባቢ ዋናውን የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒንን የሚቋቋም ጥገኛ ተሕዋስ ቀድሞውንም ስላለ፣ የማይናማርን ወባ የአንድ አገር ጉዳይ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ከኦገስት 2017 ጀምሮ ከማይናማር ራካይን ግዛት ወደ ባንግላዴሽ የሸሹት ከ700,000 በላይ ሮሂንጋ የተባሉ አናሳ ሙስሊሞችም እንዲሁ ናቸው፤ በኮክስ ባዛር መጠለያዎች የሚሰጠው ራሽን የሚወሰነው በሩቅ አገር ለጋሾች በጀት ነው።

የመድኃኒትና የክትባት ምንጭንም በዚህ ዓይን ይከታተሉ። በ2021 የጸደይ ወራት ሕንድ በኮቪድ ዴልታ ዝርያ ስትመታ ክትባት ወደ ውጭ መላክ አቆመች፤ በኤፕሪል መጨረሻ ባንግላዴሽ ለአዲስ ተከታቢዎች መስጠት ለማቋረጥ ተገደደች። አንድ አገር የሚገዛው ከአንድ ጎረቤት ብቻ ከሆነ፣ የጎረቤቱን ሆስፒታል ዜና እንደ ራሱ ዜና ማንበብ አለበት።

ሕዝባቸው ያረጀ አገሮች

የምሥራቅ እስያ ቀውስ ዝግ ያለ በመሆኑ በዜና ገጽ እምብዛም አይታይም። የሕዝብ ቁጥር እንዳይቀንስ አንዲት ሴት በአማካይ 2.1 ልጅ መውለድ ሲኖርባት፣ ደቡብ ኮሪያ በ2023 የነበራት 0.72 ነው። በጃፓን በ2024 የተወለዱት ከ700,000 በታች ናቸው። የቻይና ሕዝብ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2022 ቀነሰ፤ አገሪቱም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የጡረታ ዕድሜን ቀስ በቀስ ማሳደግ ጀምራለች።

እዚህም ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠይቁ። የቻይና የአካባቢ መንግሥታት ትልቅ የገቢ ምንጭ ለቤት ገንቢዎች የሚሸጡት የመሬት መጠቀሚያ መብት ነበር። ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ የነበረበትን ኤቨርግራንድን የመሰሉ ገንቢዎች ሲወድቁ ይህ ገቢ ደረቀ፤ የኮቪድ ምርመራ ወጪም ካዝናውን አራቁቶት ነበር። በፌብሩዋሪ 2023 በዉሃንና በዳልያን የጡረተኞች ሰልፍ የተነሣው በየግል የጤና መድን ሒሳባቸው የሚገባው ገንዘብ ስለተቀነሰ ነው። የቤት ገበያው፣ የአካባቢ መስተዳድሩ ካዝናና የአረጋዊው የደም ግፊት መድኃኒት በዚያ አደባባይ ተገናኙ።

የማስታወሻ አያያዝ

ይህን ሁሉ በአእምሮ መያዝ ስለማይቻል አንድ ደብተር ያዘጋጁ። እኔ የምጠቀምበት አሠራር ለአንድ አገር አንድ ገጽ መስጠትና ገጹን በሦስት ዓምድ መክፈል ነው፤ ገንዘብ፣ ውሳኔ፣ አካል። እያንዳንዱን ማስታወሻ ከቀኑ ጋር እጽፋለሁ፤ ከጎኑም ቁጥሩን ማን እንዳወጣውና ምን እንደቆጠረ አክላለሁ። በሁለት ዓምዶች ላይ የተጻፉ ነገሮች ግንኙነት ያላቸው ሲመስለኝ በእርሳስ አያይዛቸዋለሁ፤ በእርሳስ የማደርገው አንዱ ከሌላው በኋላ መምጣቱ ብቻ ምክንያቱ አያደርገውምና፣ ማስረጃ እስኪገኝ መስመሩ መጥፋት እንዲችል ነው። ለገንዘቡ ዓምድ የየአገሩን ማዕከላዊ ባንክ፣ የእስያ ልማት ባንክንና የገንዘብ ድርጅቱን ሪፖርቶች፣ ለአካሉ ዓምድ የጤና ሚኒስቴሮችንና የዓለም ጤና ድርጅትን መግለጫዎች፣ ለውሳኔው ደግሞ አዋጆቹንና የፍርድ ቤት ውሳኔዎቹን ራሳቸውን እመለከታለሁ።

ወቅቶችንም በደብተሩ መጀመሪያ ላይ ያስፍሩ። የደቡብ እስያ ዋናው ዝናብ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ ደንጊ ዝናቡን ተከትሎ ይጨምራል፣ የፑንጃብ ጭስ በኦክቶበርና በኖቬምበር ይመጣል፤ የሕንድ በጀት በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ይቀርባል። በጁላይ የታየ የደንጊ ጭማሪ በየዓመቱ የሚጠበቅ ሊሆን ይችላል፤ በጃንዋሪ የታየ ግን ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ የቆዩ ገጾችን ገልጠው በእርሳስ የተሠመሩትን ይመርምሩ። ማስረጃ ያገኙትን በቀለም ያጽኑ፤ ያላገኙትን ያጥፉ፤ የስሪላንካ ገጽ ላይም የገንዘብ ክምችቱ ሲያገግም የመድኃኒት መደርደሪያው አብሮ መሙላት አለመሙላቱን ጽፈው ቀኑን ያስፍሩበት።